ሞንሮቪያን ማየትና ማወቅ

ፍሬድሪክ ዋይዝማን «ሞንሮቪያ፣ ኢንዲያና» በተባለው የ2018 እ.ኤ.አ. ዘጋቢ ፊልሙ ውስጥ 143 ደቂቃ ሙሉ ለተመልካቹ አንዲት ቃል አይናገርም። ተራኪ የለም፣ ቃለ መጠይቅ የለም፣ የሚናገረው ሰው ስም እንኳን ከስር አይጻፍም። በ2010 ቆጠራ 1,063 ነዋሪ የነበራትን ከተማ ዝም ብለን እናያለን፦ ፀጉር ቤቱን፣ የጦር መሣሪያ መሸጫውን፣ የአሳማ እርባታውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን።

ፊልሙ የተቀረጸው ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት በ2017 ነው። ያን ሰሞን ብዙ ጋዜጠኛ ወደ ገጠር አሜሪካ እየሄደ፣ ምግብ ቤት ያገኘውን ሰው «ለምን መረጥከው?» እያለ ያፋጥጥ ነበር። ዋይዝማን ማንንም አያፋጥጥም። ይሄ ደስ ይላል፤ ሰዎቹ የአንድ ጥያቄ መልስ ሆነው አይቀሩም።

ለምሳሌ የከተማዋ ሹማምንት ሆምስቴድ ስለሚባለው አዲስ ሰፈርና ስለ እሳት ማጥፊያ የውሃ መቅጃዎች ሲነጋገሩ ተመልከቱ። ወሬው የቧንቧ ነው፤ ጭቅጭቁ ግን ከተማዋ ትስፋ ወይስ እንዳለች ትቅር የሚል ነው። የላይንስ ክለብ አባላት ለቤተ መጻሕፍቱ ስለሚሰጡት አግዳሚ ወንበር ሲመክሩም መጀመሪያ ሳቅ ሳቅ ይላችኋል። ቆይቶ ግን ከተማዋን ያቆማት ይሄ መሆኑ ይገባችኋል።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ትንሽ ቦታ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው እንግዳው ነው። ከየት መጣህ? የማን ዘመድ ነህ? መቼ ትመለሳለህ? መተዋወቅ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው። ፊልሙ ውስጥ ግን እንግዳው የለም፤ ካሜራው ማንም እንዳላየው ሆኖ ይቆማል። ስለ ምርጫው የሚያወራ ሰው አለመኖሩስ? ሰዎቹ ስለማያወሩ ነው? ካሜራ ስላዩ ነው? ወይስ አርትዖት ላይ ወጥቶ ነው? ለይተን ማወቅ አንችልም። እኔ ፕሮግራመር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሎግ ሳነብ ተጠቃሚው ምን እንደነካ አያለሁ። ለምን እንደነካው ግን ደውዬ ካልጠየቅኩት አላውቅም።

ዋይዝማን ራሱ ይሄ ሳይገባው የቀረ አይመስለኝም። ፊልሙን የሚዘጋው በቀብር ነው። ሰባኪው ስለ ሟቿ ረጅም ንግግር ያደርጋል። የተቀመጡት ሰዎች ያውቋታል፤ እያንዳንዱ ቃል የሚያስታውሳቸው ነገር አለ። እኛን ግን ምንም አያስታውሰንም። ከፊልሙ ሁሉ ሐቀኛው ቦታ ይሄ ነው፤ ከደጅ እንደቆምን ይነግረናል።

ስለዚህ እዩት፤ ሁለት ሰዓት ተኩል የማይሞላ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ሲያልቅ ግን «ገጠር አሜሪካን አወቅኳት» አትበሉ። ለቅሶ ደርሶ ሟቹን አወቅኩት እንደማለት ነው።