ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ወረፋ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የአስተዳደር እርከኖቻችንን ስም ግን ኮሚቴ ነው ያወጣው። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም አንዱም ሳይከርም በሌላ የሚተካው።

እስቲ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ፣ ጎንደር ከተማ አጠገብ ተወልደው ያደጉ አንድ ገበሬ እናስብ። እኚህ ሰው የተወለዱት በበጌምድር ጠቅላይ ግዛት ነው። የጎለመሱት በጎንደር ክፍለ ሀገር ነው። ከዚያ በሰሜን ጎንደር አስተዳደር አካባቢ ጥቂት ሰነበቱ። ቀጥሎ አማራ ክልል፣ ሰሜን ጎንደር ዞን ሆኑ። አሁን ደግሞ «ማዕከላዊ ጎንደር» ይባልላቸዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰውዬው ከቀያቸው ንቅንቅ አላሉም። ቤታቸው እዚያው ነው፤ ማሳቸውም እዚያው ነው። ሲዞር የኖረው ካርታው ነው።

መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አገር እንደ አዲስ ይሸነሸናል። በ1934 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አገሪቱን በ12 ጠቅላይ ግዛት ከፈላት፤ ኋላም 14 ሆኑ። ከሥራቸው አውራጃ፣ ወረዳ፣ ምክትል ወረዳ ተደረደሩ። ደርግ መጣና «ግዛት» የሚለው ቃል ፊውዳል ፊውዳል ስለሸተተው ጠቅላይ ግዛቱን «ክፍለ ሀገር» አለው። በ1980 ዓ.ም. ያው መንግሥት የራሱን ካርታ ቀዶ 24 የአስተዳደርና 5 ራስ ገዝ አካባቢዎችን አወጣ። ይሄ ካርታ አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ 14 ክልሎች በቁጥር ተሰየሙ፤ አዲስ አበባም «ክልል 14» ተባለች። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎቹ 9 ሆኑ። ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ደቡብ ተከፋፍሎ፣ ዛሬ 12 ክልሎችና ሁለት የከተማ አስተዳደሮች አሉን።

ልብ በሉ፤ አዲስ የሚባለው ሁሉ አዲስ አይደለም። ዛሬ የዞን ስም አድርገን የምንጠራቸው ምሥራቅ ጎጃም፣ ደቡብ ወሎ፣ ሰሜን ሸዋ፣ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ደቡብ ኦሞ ከዚያ ዕድሜ ካጣው የ1980 ካርታ የተወረሱ ናቸው። ካርታውን «የአምባገነኖች» ብለን ጣልነው፤ ስሞቹን ግን ዝም ብለን አስቀረናቸው።

ቃላቱንም እንያቸው። «ጠቅላይ ግዛት» ገዥና ተገዥ እንዳለ አይደብቅም፤ ቢያንስ ሐቀኛ ነው። «ክፍለ ሀገር» የአገር ክፋይ ማለት ነውና ለጆሮ ይስማማል። «ክልል» ግን ከልሎ ማስቀረትን ያመጣል፤ የታጠረ ቦታ፣ ዘበኛ የቆመበት። ኳስ ሜዳ ላይ እንኳ «የፍጹም ቅጣት ምት ክልል» ሲባል ሰምታችኋል። እዚያ ውስጥ ጥፋት ከተሠራ ዳኛው አይምርም። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ሰዎች ይህን አስበው ነው ማለቴ አይደለም። ቃል ግን ሲደጋገም አእምሮ ውስጥ የራሱን አጥር ይሠራል። «የኛ ክልል»፣ «የነሱ ክልል» ማለት ስንጀምር የአጥሩን ሥራ ግማሹን ጨርሰነዋል።

ሕዝቡ ደግሞ ከአዋጅ የሚወስደውን ይወስዳል፣ የማይጥመውን ይተዋል። «ክፍለ ሀገር» በአዋጅ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! የአዲስ አበባ ሰው ግን እስከ ዛሬ ዘመዱ ወደ ደሴም ይሂድ ወደ ነቀምቴ፣ «ክፍለ ሀገር ሄዷል» ነው የሚለው። በአዲስ አበባ ቀበሌ የሚባለው እርከን በ2003 ዓ.ም. ቀርቶ ወረዳ ተተክቷል። ይሁን እንጂ «የቀበሌ ቤት» እና «የቀበሌ መታወቂያ» ከአፋችን አልወጡም። ከፍተኛ፣ ወረዳ፣ ክፍለ ከተማ፣ እንደገና ወረዳ... ማን ይከታተለዋል? ሰው የሚያስታውሰው የቆመበትን ወረፋ ነው።

ነገሬ ወዲህ ነው። ላለፉት ሰማንያ ዓመታት የተከራከርነው መስመሩ የት ይለፍ በሚለው ላይ ነው። ከመስመሩ ውስጥ ማን ምን ይወስን የሚለውን ግን እንደ ትርፍ ጉዳይ ቆጥረን አሳድረነዋል።

ለዚህ አንድ ምስክር ልጥራ። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች የየራሳቸው ምክር ቤት ኖሯቸው ራሳቸውን በከፊል እንዲያስተዳድሩ የሚፈቅድ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። አንድም መስመር አያዛውርም። የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ እዚያው ያለው ሕዝብ ለመንገዱና ለትምህርት ቤቱ እዚያው ይወስን። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንደሚባለው መሆኑ ነው። ምን ሆነ? ከፓርላማው ድጋፍ አጥቶ ከወረቀት ሳያልፍ ቀረ። ካርታ በአንድ ጀምበር የሚቀየርባት አገር፣ ለአንድ አውራጃ ገንዘብና ሥልጣን መስጠት ዳገት ሆነባት። ኋላ አውራጃ ራሱ ተሰርዞ በቦታው «ዞን» መጣ። አውራጃ ግን ሰው «አገሬ» የሚለው ነበር፤ መንዝ፣ ይፋት፣ ጨቦ ብሎ የሚምልበት። ዞን ብሎ የሚምል ሰው እኔ እስካሁን አልገጠመኝም።

ከ1987 ወዲህ ያለውን ሁሉ በዜሮ ማባዛትም ፍርደ ገምድልነት ነው። አንዲት እናት ፍርድ ቤት ቀርባ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ አቤት ማለቷ፣ ልጇም ፊደል በዚያው ቋንቋ መቁጠሩ ትንሽ ነገር አይደለም። የቀደሙት ካርታዎች ይህን አላደረጉም። ማንነታችን ይታወቅልን ብሎ የጠየቀ ሕዝብ ለምን ጠየቅህ አይባልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 በክልሎች ውስጥ ያሉ ብሔር ብሔረሰቦች የራሳቸውን ክልል የማቋቋም መብት እንዳላቸው ደንግጓልና፣ በሕግ የተሰጠን መብት መጠየቅ ወንጀል አይሆንም።

ችግሩ የሚታየው ደቡብን ስናይ ነው። በ1984 ዓ.ም. በቁጥር ከ7 እስከ 11 የተሰየሙ አምስት ክልሎች ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ ተጨፍልቀው አንድ ሆኑ። አንዱ ክልል ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ አራት ሆነ፦ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ እና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ። አምስቱ አንድ፣ አንዱ አራት። በመካከሉ የሆነውን ያየ ያውቀዋል። ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን ሌሎችንም ጨምሮ «ሰሜን ኦሞ» የሚባል ዞን ተሠራ። በ1990ዎቹ መጀመሪያም ከአራቱ ስሞች መነሻ ተቆንጥሮ «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ ቋንቋ ተፈበረከ። ወላይታ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፉም ተሰበሰበ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ሲጨፈልቁ አልጠየቁንም ያለ ሕዝብ፣ ሲነጣጠል እፎይ ቢል ይፈረድበታል?

እፎይታው ግን እስከ ቢሮው በር ድረስ ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ማንም ቅር እንዳይለው ተብሎ መሥሪያ ቤቶቹ በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላ፣ በጂንካ፣ በካራትና በሳውላ ተከፋፈሉ። ለከተሞቹ ፍትሐዊ ነው፤ አልቃወምም። አንድ ባለጉዳይ ግን አንደኛው ወረቀት አንድ ከተማ፣ ሁለተኛው ሌላ ከተማ ሲሆንበት የአውቶብስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ካርታ ሲሣል የከተሞች ቅሬታ ይሰማል። ከጂንካ እስከ ዲላ ያለውን መንገድ የሚሄደው ሰው ቅሬታ ግን በቃለ ጉባኤ አይያዝም።

መስመሩ ሕይወት ሲቀጥፍ ደግሞ ጉዳዩ ከአውቶብስ ዋጋ ያልፋል። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ላይ ከ400 በላይ በሆኑ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ነበር። እዚያ የሚኖረው በአብዛኛው ከብትና ግመል አርቢ ነው። ዝናብ ወደ ዘነበበት ይሄዳል፤ የውኃ ጉድጓዱንም በሽምግልናና በተራ ይጠቀማል። «ይህ ጉድጓድ የማን ክልል ነው?» የሚል ጥያቄ የመጣለት ከካርታው ጋር ነው። ድምፅ ተሰጠ፣ ተቆጠረ፣ ጉዳዩ ግን አልተዘጋም። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በዚያው ወሰን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተካሄደው ጦርነት ውስጥም የወልቃይትና የራያ የወሰን ጥያቄ ነበረበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ «መስመር ብቻ ነው እኮ» የሚል ቢኖር ያልደረሰበት ነው።

ታዲያ ሰው ለምንድን ነው በየጊዜው «ወረዳ ይሰጠን፣ ዞን እንሁን» የሚለው? ሁሉም የማንነት ጥማት ይመስለናል። ግማሹ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በትላልቆቹ ክልሎች ወረዳዎች በጥቅል የሚሰጥ ድጎማ እንዲያገኙ ተደረገ። ሐሳቡ ደግ ነበር። እንግዲህ ወረዳ የሆነ ቦታ በጀት ያገኛል። ጽሕፈት ቤት ይከፈትለታል፣ የተማሩ ልጆቹ ይቀጠራሉ፣ መኪና ይመጣል፣ ባንክ ይከተላል። ወረዳ ያልሆነው ከጎኑ ቁጭ ብሎ ያያል። ይህን እያየ «ለኔም ወረዳ» ያለ ገጠሬ ከማንኛችንም የተሻለ ኢኮኖሚስት ነው። የሚያሳዝነው የወረዳ በጀት አብዛኛው በደመወዝ የሚያልቅ መሆኑ ነው። አንዱን ወረዳ ሁለት ስናደርገው ወንበሩ ይበዛል፤ ለድልድዩና ለመድኃኒቱ የሚተርፈው ያንሳል። በዚህም የተነሣ አዲሱ ወረዳ ቶሎ ቅር ይለውና ሦስተኛ መስመር ይጠየቃል።

ከሁሉ ታች ያለው ንግግር ደግሞ በየትኛውም ካርታ ያው ነው፦

«አባባ፣ ይሄ በወረዳ አያልቅም፤ ዞን ይሂዱ።»

«ልጄ፣ ዞኖቹ እኮ ‹ወረዳ ይጨርስልዎት› ብለው ነው የመለሱኝ።»

«እንግዲያውስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሰኞ ብቅ ይበሉ።»

ይህን ንግግር በ«ምክትል ወረዳ ገዥ» ዘመንም፣ በ«ጓድ» ዘመንም፣ በ«ካቢኔ» ዘመንም ልታስቀምጡት ትችላላችሁ። ማዕረጉን ብቻ ለውጡ። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ያሉት አበው ይህን አይተው ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። የክልልን ጥያቄ የሚመለከቱት አንቀጽ 39 እና 47 በየስብሰባው ይጠቀሳሉ፤ በቃላቸው የሚወጧቸውም ሞልተዋል። ይቺን የአንቀጽ 50 ቁራጭ ግን ሲጠቅሳት የሰማችሁት ባለሥልጣን አለ? የታችኛው በቂ ሥልጣን ካገኘ ከላይ ያለው የሚሰጠው ነገር ያጥረዋል። አዲስ መስመር መስጠት ይቀላል፤ የሚያስከፍለው ቀለም ነው። ሥልጣን መስጠት ግን ከራስ ላይ ቀንሶ ነው።

ስለዚህ ወደፊት አዲስ ካርታ ይዞ የሚመጣ ቢኖር፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ስሙንና ዋና ከተማውን ከመጠየቃችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቀው። ከመጨረሻው መንደር እስከ ቢሮው ስንት ሰዓት በእግር ያስኬዳል? እዚያ የተቀመጠው ሰው ሌላ ቦታ ሳይልክ በራሱ ፊርማ የሚጨርሰው ጉዳይ የቱ የቱ ነው? ካላገለገለስ የሚያነሣው ያ መንደር ነው ወይስ የሾመው አለቃ? ለነዚህ መልስ ያለው ካርታ መስመሩ ትንሽ ቢንጋደድም ሰው ይኖርበታል። መልስ የሌለው ግን የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኚያ የጎንደር ገበሬ ስድስተኛውን ስም ተምረው በዚያው ወረፋ ይሰለፋሉ።