የገበሬው ክርክር፤ «ስውር ሕይወት» በተባለው ፊልም ላይ የቀረበ ሒስ

ፍራንትስ ዬገርሽቴተር ሳንክት ራደጉንድ በምትባል የኦስትርያ መንደር ይኖር የነበረ ገበሬ ነው። ለሂትለር ጦርነት አልሰለፍም በማለቱ ኦገስት 9 ቀን 1943 ዓ. ም. በብራንደንቡርግ ወህኒ ቤት አንገቱን ተቀላ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፥ ኢትዮጵያዊ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) አሜሪካዊው ቴረንስ ማሊክ ይህን ታሪክ በ2019 «ስውር ሕይወት» በሚል ስም ፊልም አድርጎ ለሕዝብ አቅርቦታል፤ ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ልንጠይቅ ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም፥ ግዳጅ ውትድርናን እምቢ ያለ ሰው በእርግጥ የሚሟገተው ከማን ጋር እንደ ሆነ ፊልሙ አሳይቶናል ወይ? የሚል ነው።

የፊልሙን ውበት የሚክድ አይገኝም። ካሜራው የእጅ ሥራን በትዕግሥት ይመለከታል፤ ሣር ሲታጨድ፥ እንስሳት ሲታለቡ፥ መሬት ሲቆፈር እንደ ጸሎት ሆኖ ይታያል። ባልዋ ከታሰረ በኋላ ሚስቱ ፍራንሲስካ ከእኅቷ ጋር እርሻውን ስትይዝ የሚታይበት ክፍል፥ የእምቢታን ዋጋ የሚከፍለው እምቢ ያለው ሰው ብቻ አለመሆኑን ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስረዳል። ዳሩ ግን ውበቱ ራሱ ያሳስበናል። ፊልሙ በአብዛኛው የተቀረጸው በሰሜን ኢጣልያ፥ በደቡብ ቲሮል ተራሮች ነው፤ እውነተኛይቱ መንደር ግን በባቫርያ ድንበር፥ በሳልትሳኽ ወንዝ አጠገብ ያለች ዝቅ ያለች አገር ናት። ይህን ለፊልም ሠሪ የተፈቀደ ነጻነት ነው ብለን ባለፍነው ነበር፤ ነገር ግን ከተራራው ጋር ሰውየውም ከፍ ከፍ ብሎ ከጎረቤቶቹ እጅግ ርቋል።

በፊልሙ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚያስጌጥ አንድ ሠዓሊ አለ። ለሕዝቡ የሚመቸውን ክርስቶስ እንደሚሥል፥ እውነተኛውን ለመሣል ግን ገና እንዳልደፈረ ለፍራንትስ ያጫውተዋል። ይህ ንግግር ለፊልሙ ራሱ የተነገረ መስሎ ተሰማን።

የቋንቋውን ነገር እንመልከት። ሰዎቹ ሲዋደዱ፥ ሲጸልዩና ሲመካከሩ የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሲሳደቡና ሲደነፉ ግን ብዙ ጊዜ በጀርመንኛ ነው፤ ትርጕሙም ከሥር አይጻፍም። ስለዚህ ጀርመንኛ የማያውቅ ተመልካች ጩኸቱን እንጂ ቃሉን አይሰማም። ጩኸት ደግሞ ማንንም አያሳምንም፤ ፍራንትስን የፈተነው ግን ሊያሳምን የሚችል ቃል ነበር። ብሩኖ ጋንትስ የተጫወተው ወታደራዊ ዳኛ ገበሬውን ለብቻው አስገብቶ በዝግታ ሲጠይቀው የምናየው ክፍል ከፊልሙ ሁሉ የላቀ የሆነው፥ በእኛ አስተያየት፥ በዚህ ምክንያት ነው።

የመንደሩ ሹም በፊልሙ ሰክሮ በባዕዳን ላይ የሚደነፋ ሰው ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ፍራንትስ ጁን 17 ቀን 1940 መሐላ ፈጽሞ ወታደር ከሆነ በኋላ፥ ሹሙ አማልዶት ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ዳግመኛም ተጠርቶ ከኦክቶበር 1940 እስከ አፕሪል 1941 ካገለገለ በኋላ እንደ ገና በሹም አማላጅነት ከጦር ሰፈር ወጣ። እንግዲህ በ1943 ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ እምቢ ማለት፥ ውለታ የዋለለትንም ሰው ማሳፈር ነበር። ሰካራምን እምቢ ማለት ቀላል ነው። ግዳጅ የሚሠራው በፖሊስ ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታን የሚያህል መልማይ ከየት ይገኛል?

ስለ ጳጳሱም የምንለው አለን። ፍራንትስ ወደ ሊንትስ ሄዶ ጳጳሱን ዮሴፍ ፍሊሰርን ምክር ሲጠይቃቸው፥ የቤተሰብ አባት ስለ ሆነ ጦርነቱ ትክክል ነው አይደለም ብሎ መፍረድ የእርሱ ድርሻ እንዳልሆነ ነገሩት። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች የሮሜን መልእክት 13ኛ ምዕራፍ በቃላችን ያጠናን ስለ ሆነ፥ ይህ ምክር እንግዳ አይሆንብንም። ፊልሙ ጳጳሱን የፈሩ ሰው አስመስሎ ያልፋቸዋል። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሂትለር ከሞተ በኋላ በተለወጠ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከጦርነቱም በኋላ ስለ ፍራንትስ የተዘጋጀ ጽሑፍ በሀገረ ስብከቱ ጋዜጣ እንዳይወጣ ከለከሉ፤ ግዴታቸውን እየፈጸሙ የሞቱት ወጣቶች የበለጡ ጀግኖች እንደ ሆኑ ያምኑ ነበርና። ይህ እምነት እንጂ ፍርሃት አይደለም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ጎርደን ዛን፥ ራሱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም ብሎ ውትድርናን እምቢ ያለ፥ ወደ መንደሪቱ ሄዶ ሰውየውን የሚያውቁትን ጠይቆ በ1964 መጽሐፍ አወጣ። ከዚያ እንደምንረዳው፥ አብዛኞቹ ጎረቤቶች ቅንነቱን አይጠራጠሩም፤ ይሁን እንጂ ሃይማኖት አብዝቶ ቤተሰቡን የበደለ ሰው ነው ብለው ያዝኑበታል። ዛን የገበሬውን ጽሑፎችም አስነብቦናል። በፊልሙ አንደበቱ የተቈለፈው ይህ ሰው ብዙ የሚጽፍና የሚከራከር ነበር! የጀርመን ጦር ወደ ሩስያ የዘመተው ቦልሼቪዝምን ለማጥፋት ነው ወይስ ብረቱን፥ ዘይቱንና የእህሉን መሬት ፈልጎ ነው? እያለ ይጠይቃል። በፍርድ ቤትም የሕክምና ረዳት ሆኖ ለማገልገል ፈቃደኛ መሆኑን አስታውቆ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም እንጂ። ይህ የሚያሳየን የቱን አገልግሎት እንደሚቀበልና የቱን እንደማይቀበል መዝኖ የለየ አእምሮ ነው። ፊልሙ ግን ክብደቱን ሁሉ በመሐላው ላይ ስለ ጣለ፥ ይህ ሚዛን ለተመልካች አይታየውም።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህን ጕድለት ፈጥኖ የሚያስተውል ይመስለናል። በአገራችን የደርግ መንግሥት በ1975 ዓ. ም. (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ አውጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸውን ወጣቶች ሲጠራ፥ ልጆቻቸውን በዘመድ ቤት የሸሸጉ እናቶች ስለ ኅሊና አንድ መስመር አልጻፉም። ያን ጊዜ «አፈሳ» የሚለውን ቃል ከወላጆቹ ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ነው። ነገር ግን ስም ዝርዝሩን የያዘው የቀበሌ ሊቀ መንበር ከሩቅ የመጣ ጠላት አልነበረም፤ ለቅሶና ሠርግ አብሮ የሚቀመጥ ጎረቤት ነበር። ማሊክ ያላሳየን ይህን ዐይነቱን ሰው ነው።

የፍራንሲስካም ታሪክ በፊልሙ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ተቋርጧል። ከጦርነቱ በኋላ ባልዋ ለአገሩ አልሞተም ተብላ እስከ 1950 ድረስ ለጦር ሙታን ሚስቶች የሚሰጠውን አበል ተከለከለች። የሞቱ ፍርድ በበርሊን ፍርድ ቤት የተሻረው በ1997 ነው። እርስዋም ባልዋ ከሞተ ሰባ ዓመት ያህል ኖራ፥ መቶ ዓመት ከሞላት በኋላ በ2013 ዐረፈች።