የሰው ፊርማ

የእህቴ ልጅ በእርሳስ የሳለውን የማኦሪ ንቅሳት አሳየኝ። እጁ ይባረክ፤ መስመሩ ጥንቅቅ ያለ ነው።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከፎቶ ነው፣ ጋሼ። ያንድ ሽማግሌ ፊት ነው።»

ምስጋናዬን ዋጥኩት። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ሞኮ የሚሉት የፊት ንቅሳት የባለቤቱን የዘር ሐረግና ማዕረግ ይናገራል። በ1840 እ.ኤ.አ. የዋይታንጊን ውል ከፈረሙት አለቆች አንዳንዶቹ ወረቀቱ ላይ የሳሉት ከፊታቸው ንቅሳት የወሰዱትን መስመር ነበር። ፊርማቸው መሆኑ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የጓደኛውን ድርሰት ኮርጆ የሚያመጣ ተማሪ ዜሮ ያገኝ ነበር። የሰው ፊርማ መኮረጅ ግን ከዚያም ይብሳል።

ማኦሪዎቹ እኮ በር አልዘጉም፤ ለባዕድ የሚሆነውን፣ የዘር ሐረግ የማይጠራውን ንድፍ ኪሪቱሂ ይሉታል። ልጄ፣ ጥምዝምዙን ተለማመድ፤ ፊቱን ግን ለባለቤቱ ተውለት።