የባኒስተር ጥናት ከአንኮበር ተራራ ሲታይ

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር መንገድ ግን ተጓዡ ከአንድ የወንዝ አገር ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወደ ጀማ፥ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባል፤ ከአንኮበር ሥር ወደ ቆላ የሚወርዱት ጅረቶች ግን ወደ አዋሽ ስለሚሄዱ ባሕር ሳያዩ በአፋር በረሃ ይቀራሉ። ኬ. ኢ. ባኒስተር በ1973 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ስለ ምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ትልልቅ ባርቡሶች፥ ይኸውም ቢልጫ ስለምንለው ዓሣ ወገን ያወጣው ጥናት ከዚህ ተራራ ላይ ሆኖ መመርመር ይገባዋል።

አስቀድሞ ምስጋናውን አንንፈገው። ሩፔል በ1835 ባርቡስ ኢንተርሜዲየስን ከጣና ከገለጸ በኋላ፥ በተለይ ቡላንዤ ከንፈሩ ለወፈረው አንድ ስም፥ አፉ ለሰፋው ሌላ ስም እየሰጠ መዝገቡን አጨናንቆት ነበር። ባኒስተር ዓሦቹን ለክቶ፥ ብዙዎቹ ስሞች የአንዱ የኢንተርሜዲየስ ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው ሲል ፈረደ። ሥራው ጥንቃቄ ያለበት ነው። ነገር ግን ፍርዱ በአብዛኛው የቆመው በሙዚየም ጠርሙስ በተቀመጡ ዓሦች ላይ ነው፤ በጠረጴዛ ላይ የተመሳሰሉ ሁለት ዓሦች ደግሞ በውሃ ውስጥ ይገናኛሉ ማለት አይደለም።

ነገሩ የስም ክርክር ብቻ ቢሆን ለሊቃውንቱ በተውነው ነበር። ስሙ ግን ጥበቃውን ይወስናል። ከኬንያ እስከ ጣና አንድ ነው ተብሎ የተጻፈ ዓሣ ከአንድ ወንዝ ቢጠፋ፥ ብርቅ ነገር ጠፋ የሚል አይገኝም። ናገልከርከና ሲቢንግ በ1990ዎቹ የጣናን ዓሦች የሚበሉትንና የሚኖሩበትን ጥልቀት ጭምር እየመረመሩ ወደ 15 ዐይነት ለዩአቸው። ስለ ተለዩም በ1986 የተጀመረው የሞተር ጀልባ መረብ ይልቁን ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡትን እንደ ጎዳ ሊታወቅ ቻለ። በአንድ ስም ቢቈጠሩ ኖሮ ጉዳቱ በድምሩ ውስጥ ይሸሸግ ነበር።

ከባኒስተር ርዕስ ውጭ የሆነው ጋራ የተባለው ትንሽ ዓሣ ደግሞ ጠያቂም የለው። ከአገጩ ሥር ባለው መያዣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ፈጣን ውሃ ይቋቋማል፤ ለወጥ ግን አይበቃም። አበበ ጌታሁንና ስቲያስኒ በ2007 ከጣና ብቻ ሁለት አዲስ የጋራ ዐይነት ገልጸዋል። ብዙ ዓሣ አጥኚ በተመላለሰበት ሐይቅ ይህ ከሆነ፥ በደጋ ጅረቶቻችን ምን እንዳለ ማን ያውቃል? በእኛ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 315ም ከስሙ ጀምሮ የዓሣ ሀብት «ልማትና አጠቃቀም» ይላል፤ ማንም የማይጠቀምበት ዓሣ በዚህ ስም ውስጥ ስፍራው ጠባብ ነው።

በሬሳ በበጋ ያንሳል፤ የከተማው ፍሳሽ ግን አያንስም። ከደጋው ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወረደው በገደል ስለ ሆነ፥ ከላይ ያለው ዓሣ ቢያልቅ ከታች ወጥቶ የሚተካው በቀላሉ አይገኝም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከበሬሳና ከአንኮበር ጅረት ዓሣ ይዞ፥ የተያዘበትን ስፍራ ጽፎ፥ ጎን ለጎን ቢመረምር የባኒስተር ፍርድ በዚህ ተራራ ላይ ይጸና እንደ ሆነ ይታያል። መንገዱ የአንድ ቀን ነው።