«የአምባው ድንጋጤ» ለማን ይስማማል?

በዚህ በእጅ እየተገለበጠ በሚዞር መጽሔታችን ላይ እስካሁን የተከራከርነው ስለ ግጥምና ስለ አጭር ልቦለድ ነው። ዛሬ ስለ አንድ የሰሌዳ ጨዋታ ልጽፍ ስነሣ «ይህ ደግሞ ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ ተረት ነው፤ ልዩነቱ አንዱ አውርቶ ሌላው የሚያዳምጠው ሳይሆን ሁሉም የሚገባበት መሆኑ ነው። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ድርሰት ሊመዘን ይገባዋል።

ጨዋታው በእንግሊዝኛ «ካስል ፓኒክ» ይባላል። የፈጠረው ጀስቲን ዴ ዊት የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ፋየርሳይድ ጌምስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበያ አውጥቶታል። ወደዚህ ወደ ጎሮም የደረሰው አንድ የረድኤት ሠራተኛ ከጁባ ሲሄድ ትቶልን ስለ ሄደ ነው። ስሙን ስተረጉም «ፓኒክ» የሚለውን «ሽብር» ልለው አሰብኩና ተውኩት። ከ1969 እና ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ቃል በእኛ ቋንቋ የጨዋታ ቃል አይደለም። «የአምባው ድንጋጤ» አልኩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰሌዳው ስድስት ቦታ እንደ ተቆረሰ እንጀራ ክብ ነው። መሐሉ ላይ ስድስት ማማና ስድስት ግድግዳ ያለው አምባ ይቆማል፤ ዳር ዳሩ ጫካ ነው። ከጫካው ጭራቆች ይወጣሉ፤ በየተራው አንድ አንድ ቀለበት ወደ አምባው ይጠጋሉ፤ በየተራው መጨረሻም ሁለት አዳዲስ ይጨመራሉ። ጠቅላላው የጭራቅ ምልክት 49፣ የተጫዋቾቹ ካርታም 49 ነው። ቀስተኛው፣ ፈረሰኛውና ጎራዴኛው እያንዳንዳቸው የሚመቱት በየራሳቸው ቀለበትና ቀለም ብቻ ነው። ጭራቆቹ በሙሉ ወጥተው ሲያልቁና ሲሞቱ አንድ ማማ እንኳ ከቆመ ሁሉም አሸነፈ፤ ማማዎቹ ካለቁ ሁሉም ተሸነፈ። የፈረሰ ግድግዳ የሚሠራው የጡብና የጭቃ ካርታ አንድ ላይ ሲወርድ ነው። ብዙ ጊዜ ጡቡ በአንዱ እጅ፣ ጭቃው በሌላው እጅ ይገኛል። ካርታ መለዋወጥ የተፈቀደውም ለዚሁ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለው ጨዋታ የጨዋታ ሊቅ ላልሆነ፣ ከሥራ ወይም ከሰልፍ ተመልሶ ለአንድ ሰዓት ያህል ጊዜውን ሊያሳልፍ ለሚፈልግ ሰው ይስማማል ወይ?

አስቀድሞ የለመድናቸውን እናስታውስ። በቆርኪ የምንጫወተው ዳማ፣ መሬት ጭረን የምንጫወተው ገበጣ፣ ማታ ማታ የምናነሣው ኮንከር፣ ሁሉም አሸናፊና ተሸናፊ ያወጣሉ። የጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥም እንዲሁ ነበር። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። በዚያ ጨዋታ መክፈቻው «ወረራ» ይባላል፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያሰልፋሉ። እነዚህን ጨዋታዎች አልነቅፍም። ነገር ግን በከተማ ዳማ የተሸነፈ ሰው ቤቱ ገብቶ ይረሳዋል። እዚህ የተሸነፈው ሰው ያሸነፈውን ሰው ነገ ጠዋት ውኃ ቦታ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ራሽን ሰልፍ ላይ ያገኘዋል። ባለፈው ክረምት በአንድ የዳማ ጨዋታ የተቀያየሙ ሁለት ሰዎች ሰላምታ ሳይለዋወጡ ሁለት ወር እንደ ቆዩ የማያውቅ የለም። በጋራ የሚሸነፉበት ጨዋታ ለእኛ ትርፍ ነገር አይደለም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በቀላልነቱ ጨዋታው ፈተናውን አልፏል። በካርታዎቹ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ በእርሳስ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዙር ያየ ሰው ሁለተኛውን ያለ አስተማሪ ተጫውቷል። ልጆቹ ጎብሊን፣ ኦርክ፣ ትሮል የሚሉትን ስሞች አልተቀበሏቸውም። በአንድ ምት የሚሞተውን ቀበሮ፣ በሁለት የሚሞተውን ጅብ፣ በሦስት የሚሞተውን ጭራቅ አሏቸው። ከእኔ ትርጉም የነርሱ ይሻላል።

«ቤቱ ተቃጥሎበት የተሰደደ ሰው ስለ ተከበበ አምባ ምን ያጫውተዋል?» ያለኝ ወዳጅ አለ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ እኔም ሣጥኑን የከፈትኩት እየፈራሁ ነበር። አንዲት እናትም ልጃቸውን ከሰሌዳው አንሥተው ወስደዋል፤ ትክክል አይደሉም ለማለት አልደፍርም። ይሁንና አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። በዚህ ሰሌዳ ዙሪያ ከጋምቤላ የመጣውም፣ ከጎንደር የመጣውም፣ ከወለጋ የመጣውም ተቀምጧል። ጠላቱ ጭራቅ ነው፤ ጭራቅ ደግሞ ዘር የለውም፣ ቋንቋ የለውም፣ የማንም ዘመድ አይደለም። ስለ እውነተኛ ጦርነት የተሠራ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ተራ በፊት ጎራ እንለይ ነበር። እዚህ ላይ ተረትነቱ ጠቅሞናል።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ፤ ይህ ክፍል ግለ ሂስም ነው። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሆነን ተቀመጥን። ሕጉን ያነበብኩት እኔ፣ እንግሊዝኛውንም የማውቀው እኔ። «ቀስተኛውን አውርድ፤ እርስዎ ጡቡን ለርሱ ይስጡት፤ ቆይ፣ ፈረሰኛው ይቆየን» እያልኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መራኋቸው። አምባው ሳይፈርስ አሸነፍን። እኔ ደስ ብሎኝ እጄን ሳጨበጭብ ሻይ የሚያፈሉልን እናት ካርታቸውን ሰብስበው «መምህርዬ፣ አንተ አሸነፍክ። እኛማ ካርታህን ያዝንልህ እንጂ መቼ ተጫወትን?» አሉኝ።

ማታ እንቅልፍ ነሣኝ። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የማስተማር ልምምድ ስናደርግ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው የሚታዘቡን መምህራን የሚያነሡት ሂስ ይህ ነበር፦ በአርባው ደቂቃ ውስጥ ተማሪው ስንት ጊዜ ተናገረ? እኔ ያንን ሂስ ተምሬ፣ ለሌሎችም አስተምሬ፣ ስድስት ሰው በተቀመጠበት ሰሌዳ ላይ ረሳሁት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን፤ እኔ ግን ሃምሳውንም ብቻዬን አቅፌ ሌሎቹን ባዶ እጃቸውን አስቀረኋቸው። ጥፋቱ በከፊል የጨዋታው ነው። ተጫዋቾቹ ካርታቸውን ሳይደብቁ መመካከር ስለሚችሉ ዐዋቂ ነኝ ባይ የሁሉን ተራ ሊወስድ ይችላል፤ ሕጉ የሚያግደው የለም። የትብብር ጨዋታዎች ሁሉ የጋራ በሽታ ይህ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሁለተኛው ጉድለት ማዕረጉ ነው። በመጨረሻ ብዙ የገደለው ሰው በነጥብ ተቆጥሮ የጭራቅ ገዳዮች አለቃ ይባላል። በጋራ አሸንፈን ስናበቃ አንዱን ለምን እንሾማለን? ይህ ማዕረግ ከገባ ካርታ መለዋወጡ ይቀዘቅዛል፤ ሁሉም የሚገድለውን እንጂ የሚገነባውን ካርታ አይፈልግም። እኛ ሰርዘነዋል።

ለመጀመሪያው ጉድለት ደግሞ የራሳችንን ሕግ አወጣን፦ ተራው የደረሰው ሰው ምክር ካልጠየቀ ማንም አይናገር፤ ከጠየቀም በኋላ የመጨረሻው ቃል የርሱ ነው። በዚህ ሕግ በተጫወትንበት ቀን ዝናቡ በሸራው ላይ ይወርድ ነበርና አፍ መዝጋቱ ብዙም አልከበደኝም። እኚያው እናት ጡባቸውን ጭቃ ይዞ ለነበረው ልጅ መስጠት ሲገባቸው አጠገባቸው ለተቀመጠችው ልጅ ሰጧት። አየሁ፤ ዝም አልኩ። ግድግዳው ሳይሠራ ቀረ፤ ጅቡ ገባ፤ ከጥቂት ተራ በኋላ አምባው ወደቀ። እናትየው በሳቅ ሲንፈራፈሩ «እኔ ነኝ ያፈረስኳችሁ! ነገም ልምጣ?» አሉ። ማንም አልተቀየማቸውም።

ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው። ዳማን እንደ ሙያ ለያዙት ጎበዞች ይህ ጨዋታ አይስማማም። ዕድሉ ከስሌቱ ያይላል፤ የሚወጣው ጭራቅ በእውር እጅ ነው፤ ከአሥር ጊዜ በኋላም ይሰለቻቸዋል። ፊደል ላልለየ ሕፃንም ያለ አጋዥ ይከብዳል። ለተቀረነው ግን፣ መሸነፍ ለደከመንና ሌላውን ማሸነፍም ለማያስደስተን፣ ይስማማል፤ ከላይ ያልኳቸው ሁለት ማስተካከያዎች ከተደረጉ።

ሣጥኑ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ሰሌዳውን በዘይት ካርቶን ላይ ገልብጫለሁ፤ ለጭራቆቹም ቆርኪ እየሰበሰብን ነው። ከእኔ ፍርድ የሚለይ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይ እናንተ ዳመኞች፣ ለሚቀጥለው እትም ጻፉ። መጀመሪያ ግን መጥታችሁ አንድ ቀን ተጫወቱት፤ እኔ ዝም እላለሁ።