ከፊልሙ በኋላ ያለው ክርክር

ሰቆጣ ውስጥ ፊልም አይተው የሚወጡ ሰዎች ደጃፍ ላይ የሚጀምሩትን ክርክር አንዳንዴ ከፊልሙ አብልጬ እወደዋለሁ። የካሜራ ጥበብ አልተማሩም፤ ሞፈርና ቀንበር ግን ያውቃሉ። ገበሬ ሆኖ የሚተውነው ሰው እርፉን በሁለት እጁ ጨብጦ ሲታገል ካዩ አለቀለት፦ «ጅራፉን ማን ሊይዝለት ነው? ይህ ሰውዬ አርሶ አያውቅም!»

በ2007 ዓ.ም. ካን የፊልም ፌስቲቫል የደረሰው የያሬድ ዘለቀ ፊልም «ላምብ» ከድርቅ ሸሽቶ ዘመድ ዘንድ የተጠጋ ልጅ በጉን ከመታረድ ለማዳን ሲታገል ያሳያል። የውጭ ሐያሲዎች ብዙ ጽፈውለታል። እኔ ግን ድርቅንም በግንም አሳምሮ የሚያውቅ የሰቆጣ አካባቢ እረኛ የሚለውን ብሰማ እመርጣለሁ።

እነዚህ ደጃፍ ላይ የሚከራከሩ ሰዎች ባይኖሩ የሚቀረን የፖስተሩ ምስጋና ብቻ ነበር። «አትግባ፣ መጨረሻው አይረባም» የሚል ወዳጅ የስንቱን የመግቢያ ብር አትርፏል!