«ሉዓላዊነት» ስንል የትኛውን?

«ሉዓላዊነታችን ተደፈረ» ሲባል ከሰማችሁ «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስቴፈን ክራስነር «ሉዓላዊነት፦ የተደራጀ ግብዝነት» በተባለው መጽሐፉ (እ.ኤ.አ. 1999) ቃሉን አራት ቦታ ይከፍለዋል፦ በሌሎች አገሮች መታወቅ፣ ከውጭ ጣልቃ ገብነት ነጻ መሆን፣ አገር ውስጥ ማስተዳደር መቻል፣ ድንበር የሚያልፈውን መቆጣጠር።

አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሊቀር ይችላል። ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥቷ ሲፈርስ የተመድ አባልነቷ አልተሰረዘም፤ ታይዋን ግን ራሷን እያስተዳደረች የተመድ መቀመጫ የላትም።

ለእኛ ለኢንጂነሮች ይሄ ደስ ይላል፤ ብልሽት የሚገኘው ክፍሎቹን ለይቶ ሲፈትሹ ነዋ! ግን አንድ መለኪያ ጎድሏል። አራቱም ስለ መንግሥታት ናቸው፤ «ሕዝቡስ ፈቅዷል ወይ?» የሚል የለም። አራቱን ያሟላ አምባገነን በዚህ ሚዛን ሙሉ ሉዓላዊ ነው። መጽሐፉን አንብቡት፤ አምስተኛውን ጥያቄ ግን እናንተ ጨምሩበት።